አልጎሪዝም ማነው?

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የማዳበሪያ ሽታ ነው። ክፍሉ ድሮ መጋዘን ነበር፤ መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው ቀዳዳዎች ብቻ ነው። መካነ ሰላም ከተማ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ከተያዝኩ ገና አንድ ሰዓት አልሞላኝም። ውስጥ ያሉት ሰዎች ወሬያቸውን አቋረጡ። ቦታ ለቀቁልኝ፤ የለቀቁልኝ ቦታ ግን ለአንድ ሰው በጣም ሰፊ ነበር። ጆሮ ጠቢ መስያቸው እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

አጠገቤ የተቀመጡት ከከላላ የመጡ ሽማግሌ መርጌታ ነበሩ። ማን እንደሆኑ ስጠይቃቸው፣ መልሰው እኔን ማን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። የሒሳብ መምህር ነኝ አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በማግስቱ ጠዋት ተጠራሁ። መርማሪው ስልኬ ውስጥ ለተማሪዎቼ ብዬ የጀመርኩትን ልብ ወለድ አግኝቷል። ታሪኩ ከተማ ስለሚያስተዳድር ማሽን ነው፤ የማሽኑ ስም አልጎሪዝም ይባላል።

«አልጎሪዝም ማነው?» አለኝ።

የስሌት ቅደም ተከተል ማለት እንደሆነ፣ ኮምፒውተርም በእሱ እንደሚሠራ አስረዳሁት። ቃሉ ግን ድሮ የሰው መጠሪያ ነበር አልኩ። ከሺህ ዓመት በፊት የኖረ የሒሳብ ሊቅ በአገሩ ስም ይጠራ ነበር፤ ፈረንጆች መጠሪያውን በአፋቸው እያጣመሙ የሳይንስ ቃል አደረጉት፤ ዛሬ ደግሞ ልብ ወለድ ውስጥ ገብቷል። መርማሪው ከዚህ ሁሉ «የሰው መጠሪያ» የምትለዋን ብቻ ያዘ።

ወረቀት ገፋልኝ። አልጎሪዝም አጠገቤ ያደሩት የመርጌታው የምስጢር ስም ነው ብዬ ብፈርም ቤቴ እንደማድር ነገረኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ሚስትህ መውለጃዋ ደርሷል አይደል?»

እስክሪብቶውን አነሳሁ። አልጎሪዝም የሞተ ሊቅ መጠሪያ እንደነበር፣ ዛሬ የስሌት ስም እንደሆነ፣ በዚያ ግቢ ካለ ከማንም ሰው ጋር እንደማይገናኝ ጻፍኩ። ከሥሩ ስሜን እስከ አያቴ ጽፌ ፈረምኩ። ወረቀቱን መልሼ ገፋሁለት።

ሳልደበደብ መመለሴ ይበልጥ አስጠረጠረኝ። መርጌታ መርማሪው ምን እንዳስፈረመኝ ሲጠይቁኝ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስማቸው መነሳቱን ሲሰሙ ወደ እኔ ዞረው ተቀመጡ። ከዚያ ስለ ሊቁ አገርና ሃይማኖት ጠየቁ። እስላም እንደነበር ነገርኳቸው።

«ስሙ እንዲህ እንደሚሆን ሳያውቅ ሞተ?»

«አዎ፣ መርጌታ።»

«ሰው ስሙን ከሰው አፍ መጠበቅ አይችልም» አሉ። እሳቸውንም እዚያ ያስገባቸው ስማቸውን ያነሳ ሰው ነው፤ ማን እንደሆነ አያውቁም። ቀና ብለው አዩኝና «አብሽር» አሉኝ። አብሽር አይዞህ ማለት ነው፤ በእኛ አገር ለታመነም ላልታመነም ይባላል።

ከወራት በኋላ ሁለታችንም ተፈታን። ልጄን ያየኋት ቁጭ ማለት ከጀመረች በኋላ ነው።

በቅርቡ መርጌታን ገበያ ውስጥ አገኘኋቸው። የቤተሰቤን ደኅንነት ደጋግመው ጠየቁኝ። ሻይ እንጠጣ ስላቸው ግን ግራ ቀኙን አይተው መንገድ አለብኝ አሉ። አልተቀየምኳቸውም። እኔም አልጎሪዝም የሚለውን ቃል ሳስተምር የሰው መጠሪያ እንደነበር ለተማሪዎቼ ሳልነግር አላልፍም። ከመናገሬ በፊት ግን በሩን አያለሁ።