ያለቦታው የተሰፋ ኪስ

ልጅ ሳለሁ፣ ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ በሚባለው ሰፈር፣ ከአባቴና ከአንድ የቆርቆሮ ሳጥን ጋር እኖር ነበር። ሳጥኑን እንደ ቤተሰብ የምቆጥረው በከንቱ አይደለም። እናቴ ሞታ ዘመዶች ልብሶቿን ለነዳያን ሲያከፋፍሉ፣ አባቴ አንዱን ቀሚስ ከእጃቸው ነጥቆ እዚያ ውስጥ ቆልፎበት ነበር፤ ቁልፉንም ከቤቱ ቁልፍ ጋር አስሮ ይዞት ይዞር ነበር። ክልሉ አዲስ በተቋቋመበት ሰሞን የጤና ባለሙያ ይፈለጋል ሲባል ከጎጃም ራሱ ጠይቆ የተዛወረ ሰው ነው። ዘመዶቻችን «ወባ ወዳለበት አገር ሕፃን ይዘህ ልትሄድ?» ብለው ሲቆጡት አልመለሰላቸውም። እንዲያውም እናቴ ከተቀበረች ወዲህ አባቴ ለማንም ብዙ አይመልስም ነበር፤ ለእኔም ቢሆን።

ሥራው ድሬሰር ነበር፣ ቁስል አጣቢ፤ ሰፈሩ ግን ዶክተር ነበር የሚለው። ጠዋት ይወጣል፣ አመሻሽ ላይ ይመለሳል፣ እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና ይታጠባል፣ «በላሽ?» ይለኛል፣ «በላሁ» እለዋለሁ፣ አለቀ። ትምህርት ቤት የክፍሌ ልጆች በአኙዋክኛና በኑዌርኛ ሲጫወቱ ከንፈራቸውን እያየሁ እቆማለሁ፤ ሲስቁ እኔም ዘግይቼ እስቃለሁ። ከትምህርት በኋላ ማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጬ አጥሩ ላይ የምትወጣ የምትወርደውን እንሽላሊት አያለሁ። ብቸኝነት የሚለውን ቃል ያኔ አላውቀውም፤ የማውቀው ከሰዓት በኋላ የሚባለው ነገር ማለቂያ እንደሌለው ብቻ ነበር።

ከሸምበቆ አጥራችን ማዶ ማማ አሪየት ትኖር ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጸጉሯ የሸበተ አኙዋክ ሴት። በደርግ ጊዜ ወደ ሱዳን ተሰዳ ስፌት የተማረችው እዚያ ነው፤ ስትመለስም ይዛ የመጣችው በእጅ የሚዞር የስፌት መኪናዋን ብቻ ነበር። አዲስ ጨርቅ አትሰፋም። አሮጌ ልብስ፣ የተቀደደ ድንኳን፣ የእህል ከረጢት፣ የተጣለ መጋረጃ፣ ያገኘችውን ሁሉ ስፌቱን ትፈታና ሌላ ነገር ታደርገዋለች። ያኔ ይህን እንደ ጥበብ የሚያይላት አልነበረም፤ ወደ እሷ የሚሄደው ገበያ ወጥቶ አዲስ መግዛት ያቃተው ሰው ነበር። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ ሳያት ሳያት ከርሜ፣ አንድ ቀን ቀና ሳትል «እዚያ ምን ትሠራለህ? ና ግባ» አለችኝ። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔን አንተ፣ አባቴን አንቺ ትል ነበር። በዚያ ከተማ ና ግባ ያለኝ የመጀመሪያ ሰው ስለነበረች ማንን ነው ብዬ ዞሬ አየሁ።

ከዚያ ወዲያ ምሽቶቼ የእሷ ሆኑ። ፀሐይ ወደ ባሮ ስታዘቀዝቅ፣ ቤት ውስጥ ሙቀቱ ስለማያስቀምጥ መኪናዋን ደጅ ታወጣለች፣ ፋኖሱን የኒም ዛፉ ቅርንጫፍ ላይ ትሰቅላለች፣ ለቢንቢው ኩበት ታጨሳለች። ጭሱ ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ ግን አልነሳም። ፍሙ አመድ ለብሶ ከውስጥ ብቻ ይቀላል፣ ሰፈሩ ጸጥ ይላል፣ ማማ አሪየትም አንዱን ልብስ ከክምሩ አንስታ ወደ መብራቱ ታስጠጋውና ታገላብጠዋለች። ሕግ ነበራት፤ የጨርቁን ባለቤት ሳታወራ መቀስ አታነሳም። «እዚህ ውስጥ ሰው አለ» ትላለች። «መጀመሪያ ሰውየው ይውጣ። ከዚያ እንቆርጣለን።» ልብሱን ያመጣው ደንበኛ ማን እንደለበሰው፣ የት እንደለበሰው መናገር ነበረበት፤ እምቢ ካለ ጠቅልላ ትመልስለታለች። ብዙው እየሳቀባት፣ አንዳንዱም እየተነጫነጨ፣ ያወራላት ነበር።

እኔም ተረት የሰማሁት በዚህ ዓይነት ነው፤ ጅብና ጦጣ የሌሉበት የካፖርትና የመጋረጃ ተረት። የአንድ ወታደር ካፖርት ነበር። ወታደሩ ከደጋ መጥቶ በዚያ ሙቀት ካፖርቱን መሸከም ሲያቅተው ባሮ ዳር ለአንድ አጥማጅ ሰጠው፣ አጥማጁም ዓሣ ጠብሶ አበላው፤ ወታደሩ እየበላ አለቀሰ አለችኝ። ለምን ብዬ ብጠይቃት «እናቷ ዓሣ በልታ አታውቅም። እናቷ የማታውቀውን ነገር ብቻዋን በላች» አለችኝ፤ ወታደሩንም እንደ አባቴ ሴት አድርጋው። አንድ ሌላ ጊዜ ከቢሮ የወጣ መጋረጃ ዘርግታ «ይሄ ብዙ ስብሰባ ሰምቷል፣ ለዚያ ነው የሚከብደው» ስትል እየሳቅሁ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። ከሳልቫጅ ክምር፣ ከውጭ ከሚገባው ልባሽ ጨርቅ፣ የመጣና ባለቤቱ የማይታወቅ ልብስ ሲሆን ደግሞ ጣቷን በጨርቁ ላይ ታስኬዳለች። ክርኑ ያለቀ ሹራብ አይታ «ይሄ ሰው ክርኑን መስኮት ላይ አድርጎ ይቀመጣል። የሚጠብቀው አለ፣ አይመጣም» አለች። ያን ጊዜ አልሳቅሁም። እኔም ክርኔን መስኮት ላይ አድርጌ አባቴን እጠብቅ ስለነበር ሹራቡ አሳዘነኝ።

እንዲህ እያለ የእኔ ቀሚስ አጠረ። ጉልበቴን አልፎ ወጣ፤ አስተማሪዬም አባቴን መንገድ ላይ አግኝታ «ልጅቷ እያደገች ነው እኮ» አለችው። ያን ቀን ማታ ሳጥኑን ሲከፍት አየሁት። ቡናማ፣ ነጫጭ ነጠብጣብ ያለበት ፖፕሊን ቀሚስ ነበር። ከዚያ በፊት አንዴ ብቻ በጨረፍታ ያየሁት ሲሆን የማስታውሰው ኪሱን ነው፤ አንድ ኪስ ብቻ፣ እሱም ሰው ኪስ ከማያደርግበት ከወገቡ ከፍ ብሎ፣ በጎን፣ ትንሽ ተንጋዶ የተሰፋ። አባቴ ቀሚሱን በጋዜጣ ጠቅልሎ እጄን ይዞ አጥሩን አሻገረኝ።

«ለልጅቷ የሚሆን አድርገው ይስፉልኝ» አላት።

ማማ አሪየት ገልብጣ አየችው። ኪሱን ከውስጥ በኩል ስትዳስስ ቆየችና «ከሥሩ ተቃጥሏል» አለች። «የማን ነው? ምን ሆነ?»

«የእናቷ ነው» አለ አባቴ።

«እሱን አየሁ። ሰውየዋን ንገሪኝ።»

«ማማ፣ ጨርቅ እኮ ነው። ዝም ብለው ይቁረጡት።»

«አንቺ ዶክተር» አለችው ቀስ ብላ፣ «እኔ ሰው አልቆርጥም።»

አባቴ ተመልሶ ሄደ። ቀሚሱን ግን አልወሰደውም፤ እሷም አልመለሰችለትም። ከፋኖሱ አጠገብ ቅርንጫፉ ላይ ሰቀለችው።

ያ ቀሚስ የተሰቀለባቸው ምሽቶች ከሁሉም የከፉ ነበሩ። ነፋስ ሲነካው ሰው የሚገባበት ይመስለኛል። እንዲቆረጥ አልፈልግም ነበር፣ ምክንያቱም ከተቆረጠ እናቴ የሚባል ነገር ከዓለም ሊጠፋ ነው። ግን ሳልለብሰው መቅረትንም አልፈልግም ነበር። በመጨረሻ ነገሩን ራሴ ልጨርሰው ብዬ ማማ አሪየት ፊት ቁጢጥ አልኩና ተረት ጀመርኩ፤ እናቴ በዚህ ቀሚስ ወንዝ ስትሻገር አንበሳ መጣ፣ ከኪሷ እሳት አውጥታ አባረረችው፣ ለዚያ ነው የተቃጠለው አልኩ። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

«ቆንጆ ነው» አለች። «ግን ይሄ ያንተ ነው። የእሷን አምጣ።»

«አላውቅም» አልኩ። «ምንም አላውቅም። ድምጿንም አላስታውስም።» ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር፤ ከአፌ ሲወጣ አለቀስኩ።

ማማ አሪየት አላባበለችኝም። መኪናዋን አቁማ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። «እኛ ስንሸሽ ሁሉ ነገር ቀረ» አለችኝ። «እናቴ፣ እህቶቼ፣ አንድ ጨርቅ የለኝም። ወሬያቸው ብቻ አለኝ፣ እሱን አወራለሁ። አንተ ጨርቅ አለህ፣ ወሬ የለህም። ሂድ፣ አባትህን ጠይቃት።»

ሄድኩ። አባቴ እጁን እየታጠበ ነበር። «ኪሱ ለምን እዚያ ሆነ?» አልኩት። ሳሙናው በእጁ እንዳለ ቆመ። ከዚያ ውኃውን አፈሰሰና «ተኚ» አለኝ። ብርሃኑ ገና አልጠፋም ነበር፤ ተኛሁ።

ተስፋ ቆርጬ እያለሁ ነው አንድ ምሽት አባቴ የመጣው። የማማ አሪየትን የአጥር በር ጎንበስ ብሎ ገባና ጄሪካን ገልብጦ ከእሳቱ ማዶ ተቀመጠ። ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልሰጠም፤ የበሽተኛ ታሪክ ለሐኪም እንደሚያቀርብ ፈጠን ፈጠን እያለ ጀመረ። ቀሚሱን እናቴ ራሷ ናት በእጇ የሰፋችው፤ የጓደኛው ሠርግ ነበር፤ እሷ ጸጉሯን ስትሠራ እሱ ልርዳ ብሎ የከሰል ካውያ አነሳ፤ ከጎረቤት ጋር ወሬ ይዞ ሳያስተውል አቃጠለው። «ትጮኻለች ብዬ ቆምኩ» አለ። «ሳቀች። መሬት እስክትቀመጥ ሳቀች።» እዚህ ላይ ፍጥነቱ ቀነሰ። ከጠርዙ ትርፍ ጨርቅ ቆርጣ፣ ቁስል እንደሚሸፈን፣ ኪስ አድርጋ ሰፋችበት። ሠርግ ቤት ምግቡ እስኪቀርብ ከዚያ ኪስ ቆሎ እያወጣች በድብቅ ታጎርሰው ነበር።

አባቴ እሳቱን እንጂ እኔን አያይም ነበር።

«ስታረግዝ ሌላ ልብስ ሁሉ ጠበባት» አለ። «ይሄ ብቻ ሰፊ ነበር። ኪሱ ሆዷ ላይ ዋለላት። ልጅቷ ስትራገጥ እጇን ከዚያ ውስጥ አታወጣም። ለሰው ሰላምታ ስትሰጥ እንኳ በግራዋ ነበር።»

ልጅቷ እኔ ነበርኩ። ከዚያ ጨርቅ በወዲህ በኩል የእናቴ እጅ፣ በወዲያ በኩል እኔ። ያኔ የተሰማኝን ዛሬም በትክክል መናገር አልችልም፤ ደስ አለኝ፣ ደግሞም ከዚያ በፊት ያላወቅሁት ናፍቆት ያዘኝ፤ የማላውቀው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ናፈቀኝ።

ማማ አሪየት ተነስታ ቀሚሱን አወረደች። «አሁን ወጣች» አለችና መቀሷን አነሳች። ኪሱን አልነካችውም። ቀሚሱን በኪሱ ዙሪያ ቆረጠችው፤ ጠርዙንም እየረዘምኩ ስሄድ እንዲለቀቅ ደጋግማ አጠፈችው። አባቴ እስክትጨርስ ፋኖሱን ከፍ አድርጎ ያዘላት።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ተለወጠ ብል ውሸት ይሆናል። አባቴ ወደ ዝምታው ተመለሰ፣ ስለ እናቴም ዳግመኛ አላወራኝም። ልጆቹ ኪሴን እያዩ ሳቁብኝ፤ ያን ጊዜ ሳቁ ስለምን እንደሆነ ለማወቅ መዘግየት አላስፈለገኝም። ከሰዓት በኋላውም እንደ ድሮው ረጅም ነበር። ግን ማንጎው ሥር ስቀመጥ እጄን ኪሱ ውስጥ እከት ነበር።

ጋምቤላን ለቀን ስንወጣ ማማ አሪየት አጥሩ ጋ ቆማ ሸኘችን፤ ከዚያ በኋላ አላየኋትም። የቀሚሱ ጠርዝ በየዓመቱ አንድ እጥፋት እየተለቀቀ ሄዶ የሚለቀቅ ነገር አለቀ፣ ቀጥሎም ጨርቁ ራሱ አለቀ። የቀረው ኪሱ ነው። አዲስ አበባ ሥራ ይዤ ብቻዬን መኖር ስጀምር ልብሴ ላይ እንዲሰፉልኝ ወደ ልብስ ሰፊዎች ይዤው ዞርኩ፤ «እህቴ፣ ይሄማ አርጅቷል፣ አዲስ ላድርግልሽ» ይሉኛል። አንድ ባዛር ላይ ነው ማሕሌትን ያገኘኋት። ከአሮጌ ልብስ አዲስ እየሠራች፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል ብቻዋን የምትሰፋ ወጣት ናት። ኪሱን ተቀብላ ከሁለት አሮጌ ሱሪ በሠራችው ጃኬት ውስጠኛ ጎን ሰፋችልኝ። ከዚያ ወዲህ ቁም ሣጥኔ ቀስ በቀስ በእሷ እጅ ሥራ ተሞላ፤ አንዱም ከሌላው አይመሳሰልም። መጀመሪያ ሰሞን «ይሄ የማን ነበር?» እያልኩ አስቸግራት ነበር። «ከጆንያ የወጣ ነው፣ ማን ያውቀዋል?» ብላ ትስቃለች። እቤት ገብቼ ክርኑን፣ አንገቱን እየዳሰስኩ ባለቤቱን ብቻዬን አወራለሁ። ሰው ቢሰማኝ አበደች ይለኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት አባቴን ቀበርኩት። ዘመዶች ካኪ ኮቱን ለነዳያን እንስጠው ብለው አነሱት። እኔም እንደ እሱ ነጠቅኋቸው።

ወደ ማሕሌት ይዤው ስሄድ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ለካችው፣ ለእኔ እንዲሆን ትከሻው መጥበብ አለበት አለች፣ መቀሷንም አነሳች። «ልጀምር?» አለችኝ።

«ቆይ» አልኳት። ስለዚያ ሰው ከእኔ በቀር የሚያውቅ በዚህ ምድር ላይ እንደሌለ፣ ብሳሳት የሚያርመኝ፣ ብረሳ የሚያስታውሰኝ እንደሌለ ያኔ ገባኝ። ኮቱን ወደ እኔ ሳብኩና እጄን ኪሱ ውስጥ ከተትኩ። የሳሙና ሽታ ነበረው።

«መጀመሪያ ሰውየው ይውጣ» አልኳት።

ማሕሌት ግራ ተጋብታ አየችኝ። ከዚያ መቀሱን አስቀመጠችና ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች።

«ልጅ ሳለሁ» ብዬ ጀመርኩላት።