ወንድሜን ለሁለት የቆረጠው ኮምፒውተር

ዛሬ የሟች ወንድሜ ሙሾ ሲነፋ ሰው ሳቀ። ሳቀ እላችኋለሁ!

ጥርሴ ከረገፈ ወዲህ ዋሽንት መንፋት አልችልም። እሑድ የወንድሜ ሙት ዓመት ነው። ንፋስ መውጫ ከተማ ሙዚቃ የምታስተምረው ልጄ እኔ ሳንጎራጉር ሰምታ ዜማውን ኮምፒውተር ላይ በኖታ ጻፈችው። ከዚያ፣ ተቀድቶ ከተቀመጠ የኦርኬስትራ ድምፅ ውስጥ ፍሉት የሚሉትን የፈረንጅ ዋሽንት መርጣ ዘመድ ጎረቤት በተሰበሰበበት አስነፋችው።

መጀመሪያ ያለ ትንፋሽ ነጎደ። «በሬ እንኳ ትልም ጫፍ ሲደርስ ያርፋል!» አልኳት።

«ቆይ አባዬ፣ ትንፋሽ አስገባለታለሁ» አለች።

አስገባች። የእኔ ዋሽንት እዚያ ቦታ ላይ «ወንድሜ» ነው የሚለው፤ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ይሄ ግን «ወንድ» ብሎ ቆመ። አየር ሳበ። ከዚያ «ሜ...» አለ።

«ፍየሏ ከየት መጣች?» አለ ጎረቤቴ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የወንድሜ ሚስት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች፤ ትሳቅ ታልቅስ አላየሁም።

ልጄ ላይ ጮኽሁባት። እሷም የእኔው ልጅ አይደለች፣ «እርስዎስ የት ጋ እንደሚተነፍሱ መቼ ነገሩኝ?» አለችኝ።

መቼ አውቄው! ዕድሜዬን ሙሉ ነፋሁ እንጂ ትንፋሼን ስጠብቅ አልኖርኩም።

ይህን የምትጽፈው እሷው ናት፤ ቃሌን እንዳትለውጥ አስምዬያታለሁ። ያ ዕቃ እስከ እሑድ «ወንድሜ»ን ሳይቆርጥ ካልጠራ፣ በድዴም ቢሆን እኔው እነፋለሁ። ከተሳቀም በእኔ ይሳቅ፣ በወንድሜ አይሳቅም።

እናንተስ? ማሽን የማንን ዜማ አዋረደባችሁ? ጻፉ፤ ታነብልኛለች።