ሽታ የሌለው ሳሙና

ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ካፊያ ነበር። እንደ ዝናብ አይወርድ፣ አያባራ፣ ዝም ብሎ ሲያለቃቅስ ዋለ። የሲጋራ ፋብሪካው አለቃ በቅጠል አዳራሹ ውስጥ በርጩማ ላይ ወጥቶ ቅጠል ለሚለዩት ሴቶች አዲሱን ሕግ ነገራቸው። ከእንግዲህ ሲጋራ ውስጥ ናና የለም፤ ቫኒላ የለም፤ የፍራፍሬ ጣዕም የለም። ልጆችን የሚያባብል ማጣፈጫ ሁሉ ተከልክሏል። የማጣፈጫ ክፍሉም ይዘጋል።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እዚያ ከሚሠሩት ሁለት እህትማማቾች ትልቋ ግን ጎንበስ ብላ የትምባሆውን ቅጠል ከጅማቱ መለየቷን ቀጠለች። ፈገግታዋን እንዳያዩባት ነው።

ማጣፈጫ ክፍል የምትሠራው ታናሽ እህቷ ናት። ትልቋ ትምህርቷን አቋርጣ አዳራሹ ስትገባ ታናሿ ገና ዳዴ ትል ነበር። እሷ ቅጠል እየለየች አስተማረቻት። ልጅቷ ትምህርቷን ጨርሳ እዚያው ፋብሪካ ስትቀጠር ግን አዳራሹን በደጁ አልፋ ነጭ ጋዎን ለበሰች። የናና ዘይት ለክታ ቅጠሉ ላይ መርጨት ነበር ሥራዋ። ፋብሪካው በሙሉ «ከረሜላ» ይላታል። ለትልቋ ቅጽል ስም ለማውጣት እንኳ የደከመ የለም።

ማታ ቤት ሲገቡ እናታቸው ከአልጋዋ ሆና እጇን የምትዘረጋው ወደ ከረሜላ ነው።

«ነይ እስቲ እዚህ ጋ፣ የኔ ሽቶ! አንቺ ስትመጪ ደረቴ ከፈት ይልልኛል።»

ወደ ትልቋ ዞራ ደግሞ፣ «አንቺ ልብስሽን ደጅ አራግፊው እንጂ፣ አቧራው ያስለኛል» ትላታለች።

ክፋት የላትም፤ እውነቷን ነው። ትልቋን የሚያንገበግባትም እውነት መሆኑ ነው። የምታበስለው እሷ፣ እናቷን ገላዋን የምታጥበው እሷ፣ ሽቶዋ ግን ሌላዋ።

እና ያን ቀን በሆዷ «እሰይ!» አለች። «ወርዳ ከጎኔ ትቀመጣለች። እሷም ትሳል።»

ደስታዋ ግን ብዙም አልቆየም። ናናው በማሽኑና በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ ነበር፤ ቅጠል ደግሞ ያገኘውን ሽታ ይጠጣል። ስለዚህ እያንዳንዱን ጆንያ እያሸተተች ንጹሑን የምታሳልፍ ሴት ተፈለገች። መስኮት ያለው፣ አቧራ የማይገባበት የብቻ ክፍል ይሰጣታል። ትልቋ ተመዘገበች። ከረሜላም ተመዘገበች።

በፈተናው ዋዜማ ታናሽየዋ በወረቀት የተጠቀለለ ነጭ ሳሙና አመጣችላት።

«እታለም፣ ነገ በዚህ ታጠቢ። ሽታ የለውም፤ እኛ ክፍል የሚሰጡን ነው። ቅባትም አትቀቢ፣ አፍንጫሽን ይይዝብሻል።»

ትልቋ ሳሙናውን አገላብጣ አየችው።

«አሃ! እኔ መጋዘን መጋዘን እየሸተትኩ ልቅረብልሽ፣ አንቺ ከረሜላ ሆነሽ ልትቆሚ?»

«ኧረ በእማ ሞት! እኔም የምታጠበው በሱ ነው!»

«እማን ለቀቅ አድርጊያት!»

«ምንድን ነው የምትንጫጩት?» አለች እናትየው።

«ሳሙና ነው፣ እማ።»

«ለሳሙና ነው ይሄ ሁሉ?»

ጠዋት ትልቋ ለደግ ቀን ያስቀመጠችውን የጽጌረዳ ሳሙና አወጣች። ደጋግማ ታጠበች፤ ፀጉሯን ሽታ ባለው ቅባት አራሰች። ልትወጣ ስትል እናቷ ቀና አለች።

«ውይ! ዛሬስ አንቺም ጠረንሽ ደስ ይላል» አለችና እጇን ዘረጋችላት። ትልቋ እጇን ይዛ ትንሽ ቆመች። ከዚያ መንገዱን ሁሉ የሄደችው እንደ ልጅ ነው።

ጆንያዎቹ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል፤ ከመካከላቸው አንዱን ናና ነክቶታል። ጎንበስ አለች፤ ጽጌረዳ። ወደሚቀጥለው ሄደች፤ እሱም ጽጌረዳ። ትንፋሿን ሰብስባ ሳበች፤ ከገዛ ፀጉሯና ከገዛ አንገቷ በስተቀር ዓለም ላይ ሌላ ሽታ የለም። ጨነቃትና አንዱን በግምት ጠቆመች።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ንጹሕ ነው» አለ አለቃው።

«ሙሽራ ሆነሽ ብትመጪ ቅጠሉ አፈረሽ እኮ!» አለች አንዷ ከበሩ፤ ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ።

ከረሜላ አልሳቀችም። ተራዋ ሲደርስ ገና ጠጋ ከማለቷ ጆንያውን ነካች። ትክክል ነበር። ስትመለስ በትልቋ በኩል አለፈች፤ ቀና ብላም አላየቻት። «ነግሬሽ አልነበር?» ብትላት ይሻል ነበር፤ ተጣልተው ይገላገሉ ነበር። እሷ ግን እስከ ዛሬ አላለችም።

ከረሜላ አሁን ምንም ምንም አትሸትም፤ አዲሱ የማሽተት ሥራዋ አይፈቅድላትም። እናታቸው ግን ማታ ማታ እጇን የምትዘረጋው አሁንም ወደ እሷ ነው። ትልቋ ይህን ካየች ወዲህ ስለ ሽታ ማሰቡን ተወችው።

ዛሬም እዚያው አዳራሽ ውስጥ ናት፤ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ተቀምጣ ቅጠል ትለያለች። ማታ የምትታጠበው እህቷ በምታመጣላት ሽታ በሌለው ሳሙና ነው።