በጠዋት ከወታደር ሚስት ደጅ

ሠርካዲስን የሽሮ ሜዳ ሰው የሚያውቃት በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የወታደር ሚስት ናት። ሁለተኛ፣ ከቤቷ ሳትወጣ ፍርድ ቤት ትቆማለች። የመጀመሪያው ማንንም አላስገረመም። ሁለተኛውን ለማስረዳት ግን ብዙ ደክማለች፤ እስካሁን ያልገባው ሰውም አለ። እኔም በደንብ ገብቶኛል ብዬ አልምልም። ያየሁትንና ኋላ እሷ የነገረችኝን አገጣጥሜ ነው የምጽፈው፤ የተሳሳትኩት ካለ ስህተቱ የኔ ነው።

ሕግ ተምራ የተመረቀች ሰሞን ጥሩ ሥራ ይዛ ነበር። ሙሉቀንን ስታገባው ገና መቶ አለቃ ነበር። ጦሩ ሲንቀሳቀስ እሱ ይንቀሳቀሳል፣ እሱ ሲንቀሳቀስ እሷ ዕቃ ታስራለች። በደረሰችበት ከተማ ሥራ ፈልጋ ትገባለች፤ ሰዎቹ ስሟን በለመዱ ማግስት ዝውውር ይመጣል። አንዱ አለቃ ለሥራ ስታመለክት፣ የወታደር ሚስት ወንበሩን ሳታሞቀው ትሄዳለች ብሎ መልሷታል። በአንዱ ክልል ያወጣችው የጥብቅና ፈቃድ ደግሞ ሌላው ክልል ስትሄድ አይሠራላትም።

ድሬዳዋ አጠገብ ካምፕ ውስጥ ሲኖሩ ኢሳይያስ የሚባል የአዲስ አበባ ጠበቃ አንድ ውል እንድታረቅለት በስልክ ጠየቃት። ጽፋ በቴሌግራም ላከችለት። ሌላ ጨመረላት። እንዲህ እየተባባሉ ፊቷን ሳያይ ከዓመት በላይ አሠራት። አንድ ቀን ሲያወሩ ከጀርባዋ የጥሩምባ ድምፅ ሰምቶ የት እንዳለች ጠየቃት። ካምፕ ነኝ፣ ባንዲራ እየወረደ ነው አለችው። ሰውየው ሳቀ እንጂ ሥራውን አላቋረጠባትም። በኋላ የፌዴራሉን የጥብቅና ፈተና ተፈትና አለፈችና በራሷ ስም፣ ካለችበት ሆና በቪዲዮ፣ ችሎት መቆም ጀመረች። ዛሬ ደራርቱ የምትባል የሌላ መኮንን ሚስት፣ እሷም ሕግ የተማረች፣ ከሩቅ ካምፕ ሆና ሰነድ ታዘጋጅላታለች። የደራርቱ ባልና ሙሉቀን ያሉት አንድ ክፍለ ጦር ውስጥ ነው።

ሙሉቀን ሻምበል ሆኖ ወደ ጠረፍ ሲላክ ሠርካዲስ እዚህ እኛ ሰፈር ጋሽ ቦጋለ ግቢ ሁለት ክፍል ተከራየች። ጋሽ ቦጋለ ሸማኔ ናቸው፣ የዕድራችንም ሰብሳቢ ናቸው። እሳቸው ሲሸምኑ የመወርወሪያው ድምፅ ግቢውን ይሞላዋል። ይህ ድምፅ አንድ ጊዜ ችሎት ውስጥ ገብቶ ዳኛው "ጠበቃ፣ የሚንኳኳው ምንድን ነው?" ብለዋታል። ከዚያ በኋላ ተስማሙ። በሯ ላይ ቀይ ጨርቅ ከሰቀለች ችሎት ላይ ናት ማለት ነው፤ ጋሽ ቦጋለ መሸመናቸውን ያቆማሉ፣ ማንም በር አይመታም። ጨርቁን የሰጧት እሳቸው ናቸው። በዚህ ውል በጣም ይኮራሉ። ሰው ሲጠይቃቸው እኔ ግቢ ፍርድ ቤት አለ ይላሉ።

ይህ ነገር የሆነ ዕለት የወሩ ኪዳነ ምሕረት ነበረች። እንጦጦ አስቀድሰን ስንመለስ የዕድሩ ሽማግሌዎችና ሁለት ሦስት እናቶች በዚያው ወደ ሠርካዲስ ለመሄድ ተማከርን። የዕድራችን ድንኳንና ወንበር የሚቀመጥበትን ቦታ የኔ ነው የሚል ሰው ተነስቶ ከሶን፣ መጥሪያ ደርሶን ነበር። ለመልስ የተሰጠን ቀን ቀርቧል። ሥራ ሳይይዛት በጠዋት እንድረስባት ተባለ።

ግቢ ስንገባ ቀዩ ጨርቅ ተሰቅሏል። ጋሽ ቦጋለ ወዲያው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። እንመለስ ይሉናል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ግቢያቸው ያለውን ወግ ሊያሳዩን ፈለጉ መሰለኝ፣ በእጃቸው ጠቅሰው በሩ ፊት አሰለፉን። አንዱ ሽማግሌ ድንጋዩ ላይ ሊቀመጡ ሲሉ ክንዳቸውን ይዘው አነሷቸው።

"ችሎት ፊት አይቀመጡም" አሉ በሹክሹክታ። "ባርኔጣም አውልቁ።"

አወለቅን። ባዶ ራሳችንን፣ ነጠላችንን እንደለበስን፣ አንገታችንን ደፍተን ቆምን። እማማ አፀደ ከእንጦጦ የቀዱትን ጠበል በትንሽ ቢጫ ጀሪካን ይዘው ከፊት ናቸው። ጋሽ ቦጋለ ደግሞ ሁሉን ለመቆጣጠር በሩ ሥር ተጠግተው ቆመዋል። እንዲህ ያለ ጨዋነት በዕድራችን ታይቶ አይታወቅም፣ እውነቴን ነው።

ብዙ ቆምን። ከውስጥ ድምፅዋ ይሰማናል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ጠየቀች፣ ዝም አለች፣ እንደገና ጠየቀች። እግራችን ዛለ። በመጨረሻ ድምፁ ጠፋ፤ በሩ ግን ሳይከፈት ብዙ ቆየ።

በሩ ተከፈተ። ሠርካዲስ ከአንገቷ እስከ ጉልበቷ ጥቁር ለብሳ ቆማለች፣ ከታች የቤት ቀሚስና ነጠላ ጫማ። ፊቷ አመድ መስሏል። አንድ በአንድ አየችን። እማማ አፀደ የያዙትን ጀሪካን አየች፣ ጋሽ ቦጋለን አየች።

"የት ነው የወደቀው?" አለች።

ጠበቃ ችሎት ላይ ጥቁር ካባ እንደሚደርብ ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። ጋሽ ቦጋለ ጥቁሩን ልብስ እያዩ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሹ።

"ማን? አንቺ ልጅ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?"

"እናንተ ናችሁ እንጂ የመጣችሁት፣ ጋሼ። ሙሉቀን የት ነው የወደቀው? አስከሬኑስ?"

ያን ጊዜ ገባን። በየተራ አይደለም፣ ሁላችንም አንድ ላይ ገባን። በጠዋት፣ ነጠላ ለብሰን፣ ባርኔጣ አውልቀን፣ አንገት ደፍተን፣ ውኃ ይዘን፣ አንዱ በር ሥር ሊደግፋት እንደተዘጋጀ ሰው ቆሞ፣ ወታደር ባል ካላት ሴት ደጅ ተሰልፈናል። መርዶ እንጂ ሌላ ምን እንመስላለን? እኔ ራሴ ከሩቅ ባየን ኖሮ እጮህ ነበር። ጋሽ ቦጋለ አፋቸው ተሳስሮ "የዕድሩ ቦታ... መጥሪያ ደርሶን... እሱን ልናማክርሽ" እያሉ ወረቀቱን ከኪሳቸው ለማውጣት ይታገሉ ነበር።

ሠርካዲስ የበሩን መቃን ይዛ ቀስ እያለች ወረደችና ደፉ ላይ ተቀመጠች። እማማ አፀደ ጀሪካኑን ከፍተው "በስመ አብ" እያሉ ፊቷ ላይ ረጯት። ጠበሉ መጨረሻ ላይ ለዚያው ሥራ ዋለ።

"ታዲያ ሙሉቀን ደህና ነው?" አለች ውኃው ከፊቷ እየወረደ።

ሞተ ያለን የለም፣ ደህና ነው ያለንም የለም። ስልኩን ሞከረች፤ ከአገልግሎት ክልል ውጭ ነው አለ። እዚያ ጠረፍ ላይ ኔትወርክ የለም፤ ወደ ከተማ ሲወርድ ብቻ ነው የሚደውለው። ከደወለ ደግሞ ሳምንት አልፎት ነበር። እኛ ደጇ ላይ ሳንቆም በፊት ይህ አያስጨንቃትም ነበር፤ ለምዳዋለች። አሁን ግን የተነቀለውን ጥርጣሬ መልሰን ተክለንባታል።

ከዚያ እማማ አፀደ ማንም ያላሰበውን ጠየቁ። መቼ እንዳየችን ነበር የጠየቁት። ሠርካዲስ ገና ስንገባ በመስኮቱ እንዳየችን ተናገረች።

"ገና ስንገባ? ባሌ ሞተ ብለሽ፣ ያን ሁሉ ሰዓት ሥራሽን ስትሠሪ ነበር?"

"ጥያቄ ይቀረኝ ነበር፣ እማማ።"

ቅድም የደነገጥነው በራሳችን ነበር፤ አሁን የደነገጥነው በእሷ ነው። መርዶ ነጋሪ ያየች ሴት ትጮኻለች፣ ፀጉሯን ትነጫለች፣ በሩን በርግዳ ትወጣለች። ቁጭ ብላ ጥያቄ የምትጠይቅ ሴት አይተንም ሰምተንም አናውቅም። ወሬው እስከ አዲሱ ገበያ ለመውረድ ጊዜ አልፈጀበትም። ልቧ ድንጋይ ነው ተባለ። ቀድሞውንም ትዳሩ እንደማይሆን ይታወቅ ነበር ያለም አለ። ወሬው ከአንዷ የሙሉቀን ዘመድ ጆሮ ደርሶ፣ ይህን ሲመጣ ሳይሰማው አይቀርም ብላ መዛቷንም ሰማን። ሠርካዲስን ይበልጥ ያስፈራት ይሄኛው ነው። በሕይወት ካለ፣ ይህን ከሌላ ሰው አፍ ቢሰማ ምን ይላል?

ውስጥ ምን እንደሆነ ለኔ የነገረችኝ የዕድሩን መልስ ስናዘጋጅ ነው። ችሎቱ ድሬዳዋ ነበር። ደንበኛዋ አስቻለች ከባሏ ስትፋታ የባሏ ቤተሰብ ልጇን ወስደውባት የምትከራከር ሴት ናት። እሷ ዳኛዋ ፊት ብቻዋን ቆማለች፤ ሠርካዲስ ግድግዳው ላይ በስክሪን ትታያለች። የልጅቷ አክስት መስክራለች፤ ልጅቷ እናቷን ረስታለች ብላለች። አሁን ተራው የመስቀለኛ ጥያቄ ነው። አክስትየዋ ዐረብ አገር ለመሄድ ቲኬት ቆርጣለች። ዛሬ ካልተጠየቀች ቃሏ እንዳለ ይቀራል።

ልክ ጥያቄ ስትጀምር በመስኮቱ እኛን አየችን። ደራርቱ በስልክ መልእክት ማስታወሻ እየላከችላት ነበር፤ ሠርካዲስ ልትጽፍላት ጣቷን አነሳችና ተወችው። የደራርቱ ባል ከሙሉቀን ጋር ነው። ሙሉቀን ከወደቀ የእሷስ ባል?

"ዳኛዋን ብለምን ኖሮ ሐዘን ነው ብለው ቀጠሮ ይሰጡኝ ነበር" አለችኝ። "ሰው ጎበዝ ናት ይለኛል፣ ወይም ክፉ ናት ይለኛል። ሁለቱም አይደለሁም። ቀዩ ጨርቅ እስካለ ድረስ በሩን የሚመታ የለም። በሩ እስካልተመታ ድረስ ሙሉቀን አልሞተም። ለዚህ ነው የጠየቅሁት። ያዘጋጀሁት ጥያቄ አልቆ እንኳ እየፈጠርኩ ጠየቅሁ።"

ዳኛዋ "ጠበቃ፣ ጨርሰዋል?" አሏት። አንድ ጥያቄ ይቀረኛል ክቡር ፍርድ ቤት አለች፤ ምን እንደምትጠይቅ ግን አላወቀችም። ዓይኗ የራሷ በር ላይ ነበር።

"ወይዘሮ፣ እናንተ ቤት በር ሲንኳኳ ልጅቷ ምን ታደርጋለች?"

ዳኛዋ አክስትየዋን እንድትመልስ አዘዟት።

"ትሮጣለች" አለች በመጨረሻ። "እናቷ የመጣች እየመሰላት።"

ሠርካዲስ ጨርሻለሁ አለች። ስክሪኑን ዘጋችው። ከዚያ ወንበሯ ላይ ሆና ጨርቁን ላውርድ ወይስ አላውርድ ብላ ተቀምጣ ቀረች። ድምፁ ጠፍቶ በሩ ሳይከፈት የቆየው ለዚህ ነበር።

እሑድ ዕድሩ ተሰብስቦ አንድ ደንብ አወጣ። ወታደር ያለበት ቤት የሚሄድ ሰው፣ ሐዘን ካልሆነ በቀር፣ ገና ከአጥሩ በር ላይ "በደህና ነው!" ብሎ ይጣራል። ሁሉም እጁን አወጣ። ጋሽ ቦጋለ ደስ ብሏቸው ለሠርካዲስ ሊነግሯት ሄዱ። አመስግናቸው፣ ትንሽ አሰበችና "እንግዲህ ሳትጣሩ የመጣችሁ ዕለት አወቅሁ ማለት ነው" አለች። ጋሽ ቦጋለ ይህን ሲነግሩኝ ደንቡ ይፍረስ እንዴ ብለው ጠየቁኝ።

ሙሉቀን የደወለው ከዚያ በኋላ ነው። ጋሽ ቦጋለ እየሸመኑ ነበር፤ ሠርካዲስ ግቢው መካከል ልብስ እያሰጣች ነበር። ድምፁን ስትሰማ እርጥቡን አንሶላ እንደያዘች ቆመች። ደህና ነህ ወይ አላለችውም። ሌላ ሰው ሳይነግረው ብላ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። መቆማችንን፣ ጀሪካኑን፣ አለመጮኋን፣ ጥያቄውን። ስልኩ በድምፅ ማጉያ ላይ ስለነበር ጋሽ ቦጋለ ሰምተዋል፤ ላለመስማት ብለው መወርወሪያውን ጠበቅ አድርገው እንደመቱ ይምላሉ፣ ግን ሰምተዋል።

መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ስሙን ጠራች።

"አለሁ" አለ። "ቆይ፣ ጉዳዩን አሸነፍሽ?"

"ለውሳኔ ተቀጥሯል።"

"እኔ ሞቼም ይቀጥራሉ?" አለና ሳቀ። ሳቁ መሀል ላይ ተሰብሮበት ቀረ። "ሠርኬ፣ እንኳን በሩን ቶሎ አልከፈትሽ።"

ያን ጊዜ አለቀሰች። ያን ጠዋት ያልጮኸችው ጩኸት ሁሉ አሁን ወጣ፤ አንሶላውን ፊቷ ላይ አድርጋ፣ ስልኩ መሬት ላይ ወድቆ እሱ ከዚያ ሆኖ እየጠራት። የጎረቤት ሴቶች ምን ሆነች ብለው ወደ ግቢው መሮጥ ሲጀምሩ ጋሽ ቦጋለ ከሽመና ጉድጓዳቸው ወጥተው አጥሩ በር ላይ ቆሙና በቻሉት ድምፅ ተጣሩ።

"በደህና ነው! በደህና ነው!"

ከዚያ ተመልሰው ቁጭ አሉ። በሩ ላይ ቀይ ጨርቅ አልነበረም፤ እሷ አልቅሳ እስክትጨርስ ድረስ ግን መወርወሪያቸውን አልነኩም።