እናቴ ፈረንሳይኛ ያጠናችበት ክረምት

ልጅ እያለሁ እናቴን ያላመንኩበት አንድ ክረምት ነበር። አሥር ዓመቴ ነው፤ አባቴ ስለሞተ ከእሷ ሌላ ሰው አልነበረኝም።

የምንኖረው ወሰን ሰፈር ነበር። እናቴ እንጦጦ ሥር ባለ የፈረንሳዮች ቤት የሕፃን ሞግዚት ነበረች። ሰዎቹ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሰናዱ እሷንም ይዘዋት ለመሄድ እንደጠየቋት ለጎረቤት ስታወራ ሰማኋት። ለእኔ ግን ትንፍሽ አላለችም።

በዚያው ሰሞን ፈረንሳይኛ ማጥናት ጀመረች። የሚያስጠኗት ጋሽ ሞላ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በጅቡቲ መስመር መኪና ሲነዱ ኖረው ቋንቋውን እዚያ የለመዱ፣ በኋላ ሱቅ የከፈቱ ጎረቤታችን። በእኛው ፊደል ብጫቂ ወረቀት ላይ ቆራርጠው ጻፉላት፦ ዠ፣ ነ፣ ፓር፣ ፓ። ዤ፣ ዩን፣ ፊይ። ሽንኩርት እየላጠች ሳይቀር ጠረጴዛውን በጣቷ እየመታች ትደጋግመዋለች። «የፊተኞቹን እኩል ልቀቂያቸው፤ መጨረሻዋ ላይ ብቻ ጫን በይ» ይሏታል ጋሽ ሞላ። ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቃት «የሥራ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ጋሽ ሞላ የሚሰጡኝ ከረሜላ ሁሉ አፍ ማዘጊያ መሰለኝ።

አንድ ቀን ወረቀቱን ከቦርሳዋ ሰርቄ ካልሲዬ ውስጥ ደበቅኩት። ጠዋት ቤቱን አመሰቃቅላ ፈለገችው።

«ወረቀቴን አላየሽም?»

«የምን ወረቀት?» አልኳት፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

ያለ ወረቀቱ ሄደች። ዝናብ የመታው ባሕር ዛፍ በሚሸተው ዳገት ተደብቄ ተከተልኳት። የሰዎቹ በር ላይ ቆማ፣ ጣቶቿን ጭኗ ላይ እየመታች፣ ያንን ያጠናችውን ለእመቤቷ ተናገረች። ሴትዮዋ እንባዋ መጣና አቀፈቻት። አለቀ፣ ተስማሙ አልኩ።

ቁልቁለቱን ሮጬ ጋሽ ሞላ ሱቅ ገባሁ። ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ወርውሬ «እናቴን የሚያስኮበልሏት እርስዎ ነዎት!» ብዬ ጮህኩባቸው።

ወረቀቱን አንስተው አዩት። «'አልሄድም፤ ሴት ልጅ አለችኝ' ነው እኮ የሚለው» አሉኝ። «እመቤቷ ቅር እንዳይላት በቋንቋዋ ልንገራት ብላ ነው። ካንቺ የደበቀችው ደግሞ 'በእኔ ምክንያት ቀረች' ብለሽ እንዳታዝኚ ነው።»

አፍሬ የምገባበት ጠፋኝ። ወረቀቱን እኔ እንደወሰድኩት እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

ዘንድሮ መሥሪያ ቤቴ ወደ ሐዋሳ እንድዛወር ጠየቀኝ። እናቴ ከምትለቅመው ምስር ላይ ዓይኗን ሳታነሳ «ሂጂ» አለችኝ። ከልቧ እንዳልሆነ ጠርጥሬያለሁ፤ ግን የሚመቸኝን አምኜ ያንኑ ዕለት ፈረምኩ። እሷ ለእኔ ብላ በማታውቀው ቋንቋ አንድ ክረምት ሙሉ ተንተባተበች። እኔ አፌን በፈታሁበት አማርኛ «እናት አለችኝ» ማለት አቃተኝ።