እንባ የሚከለክል ክኒን

ጎሚስታው ጠዋት ሱቁን ሊከፍት ሲወጣና ማታ ከራት በኋላ ከሚስቱ እጅ ክኒን ይቀበላል። «እንካ» ትለዋለች፤ «አምጪ» ይላታል። ተጣልተው አያውቁም፣ ክፉም አይደሉም። ግን የዚያን ቤት የቀን ወሬ ለቅሞ ለሚመዝን ሰው ከዚህ ብዙም የሚበልጥ ነገር አይተርፈውም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የሚለው ሰው እነሱ ቤት ገብቶ አያውቅም።

ክኒኑ የታዘዘለት ልቡን የታመመ ጊዜ ነው። የጭነት መኪና ጎማ ሊፈታ ጎንበስ እንዳለ መኪናው ራሱ ደረቱ ላይ ያረፈበት መሰለውና እዚያው ዘይት በጠጣው መሬት ላይ ተዘረረ። ሐኪሞቹ የተደፈነውን የደም ሥር ከፈቱለት፤ ከሌላው መድኃኒት ጋር የልብ ምት የሚያረጋጋውን ክኒን ሰጡትና «ይህን ዕድሜ ልክዎን ነው የሚወስዱት» አሉት። ሚስቱ ይህችን ቃል አጥብቃ ያዘች። እሱ ሊረሳ ይችላል፤ እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ አሳልፋ አታውቅም።

ከዚያ በሦስተኛው ዓመት ልጃቸው ሞተ። አንድ ልጃቸው ነው፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ገና የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ። ሥራ ላይ እንዳለ «ራሴን፣ ራሴን» ብሎ ከመሰላል ወረደ፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ነበርና ሆስፒታል ሳይደርስ አለፈ። ቤቱ በለቀስተኛ ተሞላ። እናት ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኸች፣ ደረቷን ደቃች፣ ሰው ይዟት ነው የቆመችው። አባት ግን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ለመጣው ሁሉ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። ከዓይኑ እንባ ጠብ አላለም። ይባስ ብሎ አንዱን ለቀስተኛ ወደ በሩ ሸኝቶ «የኋላው ግራ ጎማህ ነፋስ ጎድሎታል፤ ሳታስሞላ እንዳትሄድ» አለው።

ይህን የሚስቱ ታላቅ እህት ሰማች። እሷ ደግሞ የሰማችውን በሆዷ የምታሳድር ሴት አይደለችም። «ይሄ ሰው ልብ የለውም እንዴ? የገዛ ልጁ እኮ ነው» አለች፣ ቤት የሞላው ሰው እየሰማ። ያኔ ሚስትየው ከተደገፈችበት ቀና ብላ «መድኃኒቱ ነው» አለች። «የሚወስደው ክኒን ነው፤ ልቡን ያፈዝዘዋል። አትፍረዱበት።»

ነገሩ በዚያው ጸደቀ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ ሰፈሩ የያዛትን ወሬ አልለቀቀም። ጎሚስታው ሰላምታ ከዘለለ መድኃኒቱ ነው፤ ቀልድ ተነግሮት ካልሳቀ መድኃኒቱ ነው። አንዴ መኪና ከክሪክ ላይ ተንሸራቶ እግሩ አጠገብ ሲወድቅ ዞር እንኳ ሳይል ቡሎን መፍታቱን ቀጠለ፤ ይህንንም ለክኒኑ ሰጡት። አንድ የታክሲ ሹፌር ደንበኛው «ጋሼ፣ ከዚያች ክኒን ለሚስቴ አንደበት ትንሽ ቢያካፍሉኝ» እያለ ያሾፍበት ነበር። እሱም አመነ። ማመኑ ምን ይገርማል? ልጁ ሞቶበት ምንም ያልተሰማው ሰው፣ ጥፋተኛው መደርደሪያው ላይ ያለ ክኒን ነው ከተባለ እንዴት እምቢ ይላል?

እንዲህ ሲኖር ለዓመት ምርመራው ሄደ። የድሮው ሐኪም ጡረታ ወጥቶ በቦታው አንዲት ወጣት ዶክተር ተቀምጣለች። ልቡን በማሽን አየች፣ ካርዱን አገላበጠች፣ ከዚያ ይህን ክኒን ልናቆም ነው አለችው። ድሮ የልብ ደም ሥር ተደፍኖበት ለዳነ ሁሉ ይሰጥ ነበር፤ ሰሞኑን ግን ተመራማሪዎች ብዙ ሺህ ሰው በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ግማሹ እየዋጠ ግማሹ ሳይውጥ ዓመታት ተከታትለው ነበር። እንደ እሱ ልቡ ደህና አድርጎ ደም በሚገፋ ሰው ላይ የዋጠውም ያልዋጠውም ያው ሆኖ ተገኘ። በአንዴ ግን አይተውም፤ በግማሽ በግማሽ እየተቀነሰ ነው። ጠዋት የሚውጣት የደም ማቅጠኛም ትቀጥላለች።

ጎሚስታው ይህን ሁሉ ሰምቶ ኮፍያውን አነሳ፤ ተመልሶ ደግሞ ተቀመጠ።

«ዶክተር፣ ይሄ ክኒን ሰው እንዳያለቅስ ያደርጋል?»

ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። ጥያቄው እንደ ቀልድ አልመሰላትም፤ እንዲህ ያለው ነገር ይገባታል። ምትን ያዘገያል አለችው፣ እጅ እግር ያቀዘቅዛል፣ አንዳንዱን ሰው ያደክማል፣ ስሜቴን አፈዘዘው የሚልም አይጠፋም። «እንባ የሚከለክል መድኃኒት ግን እኔ አላውቅም» አለችው። «ማን ነው እንደዚያ ያልዎት?»

«ሰዎች ናቸው» ብሎ ወጣ።

ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ፣ የመድኃኒት መስኮቱ ሰልፍ ውስጥ ቆማ ነበር። ክኒኑ ሊቆም መሆኑን ነገራት፤ ሌላውን ዋጠው። እሷ ደነገጠች፣ ማን ደፍሮ ያቆማል አለች፣ ራሷ ገብታ ጠየቀች። ስትወጣ ፊቷ ሌላ ሆኗል። መንገዱን ሁሉ በጎን በጎን ታየው ጀመር።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ሳምንታት ሁሉ መጠባበቅ ሆኑ። ክኒኑ ግማሽ ሆነ፣ የግማሹ ግማሽ ሆነ፣ ቀረ። የጎሚስታው እጅ ሞቀ፤ ጎማ ሲያነሳ ልቡ ድው ድው ሲል ይሰማዋል። ሌላ የመጣ ነገር የለም። ሚስቱ የልጁን ሹራብ ከሳጥን አውጥታ እሱ በሚያይበት ወንበር ላይ ሰቀለችው። አየውና «ደግ አደረግሽ፤ ብል እንዳይበላው መናፈስ አለበት» አላት። እሑድ ደግሞ እህትየው ለምሳ ተጠራች። ሁለቱ ሴቶች ማዶ ለማዶ ተቀምጠው፣ የተነፈሰ ጎማ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋው ከየት ይወጣል ብሎ እንደሚጠብቅ ሰው ዓይን ዓይኑን ሲያዩት ዋሉ። እሱ እህል እያላመጠ ጨው መጉደሉን ብቻ አስተዋለ።

ምን እንደሚጠበቅበት ገብቶታል። ማልቀስ አለበት፤ ካላለቀሰ ሚስቱ በሰው ፊት የቆመችለት ነገር ሁሉ ውሸት ሊሆን ነው፣ እሱም ያኔ እህትየው ያለችው ሰው ሊሆን ነው። ስለዚህ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚባለውን ሊያደርግ ቆረጠ። በምሳ ሰዓት የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ የልጁን ፎቶ ከስልኩ ላይ አወጣ። ከንፈሩን ነከሰ፣ ፊቱን አጨማደደ። «ልጄ!» ብሎ ሞከረ። ድምፁ መንገድ ማዶ ያለ ሰው የሚጣራ ይመስል ነበር። የታክሲ ሹፌሩ ራሱን በበሩ አስግጎ «ጋሼ፣ ጠሩኝ?» አለው።

«አልጠራሁህም» አለው። ስልኩን ኪሱ ከተተና የሹፌሩን ጎማ ለጠፈለት።

የዚያን ዕለት ማታ ራት እንደበሉ የሚስቱ እጅ በልማድ ወደ መደርደሪያው ሄደ። እዚያ ለማታ የሚነሳ ክኒን አልነበረምና ባዶውን ተመለሰ። ጎሚስታው ያን እጅ አየ። ሊዋሻት አሰበ፤ ለመዋሸትም ጉልበት አጣ።

«ክኒኑ አልነበረም» አላት። «ዶክተሯን ጠይቄያት ነበር። እንባ የሚከለክል መድኃኒት የለም አለችኝ። እኔው ነኝ። ያኔም እኔው ነበርኩ።»

ትጮህብኛለች ብሎ ጠበቀ። ምናልባት ነጠላዋን አንስታ እህቷ ቤት ትሄድ ይሆናል፤ ብትሄድም አይፈርድባትም። እሷ ግን የጠረጴዛውን ፍርፋሪ በመዳፏ ወደ አንድ ጥግ ሰበሰበች።

«እህቴን መድኃኒቱ ነው ያልኳት ለአንተ አዝኜ መሰለህ?»

«ታዲያ ለምን ነው?»

«ያን ቀን ደረቴን ስደቃ እጄ ሲመታኝ ይሰማኛል፤ ሌላ የሚሰማኝ የለም። እናት ነችና ትጩህ ተብሎ ነው የጮህኩት። ልብ የለውም ስትልህ እኔንም ያለችኝ መሰለኝ። እሱስ ክኒን አለው፣ እኔ ምን ልበል አልኩ። እኔ የምውጠው ነገር የለኝም።» ፍርፋሪውን እያየች ነው የምታወራው። «ሲያቆሙልህ፣ እሱ ካለቀሰ እኔም ይመጣልኛል ብዬ ነበር። ይሄን ሁሉ ቀን የጠበቅኩት ያንን ነው።»

ጎሚስታው የሚላትን ፈለገ። ያገኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም እውነት ነበር።

«እኔ ደግሞ አንቺ ለሁለታችንም ያለቀስሽ ይመስለኝ ነበር» አላት።

እንግዲህ በዚያ ቤት ለልጃቸው ከልቡ ያለቀሰ ሰው አልነበረም ማለት ነው። ሁለቱም ይህን እኩል አሰቡት፣ አፍ አውጥቶ የተናገረው ግን የለም። እሷ ሳህኖቹን አነሳች። እሱ ዛሬ ተነስቶ የውሃውን ቧንቧ ከፈተላት፣ አጠገቧም ቆመ፤ ለምን እንደቆመ አላወቀም፣ እሷም ሂድ አላለችውም።