የተንሸራተተው ወሰን

በወረዳው የመሬት ቢሮ ካርታ ሳዘጋጅ ለዓመታት የተጠቀምኩት በውድ ዋጋ የተገዛ ፕሮግራም ነበር። አንድ ፕሮጀክት አምጥቶ ጫነልን፤ ፕሮጀክቱ አልቆ ሄደ፤ ፈቃዱ ሲያበቃም ፕሮግራሙ አልከፈትም አለ። በዕድሜ የምታንሰኝ የሥራ ባልደረባዬ በነጻ የሚገኘውን ጭና መሥራት ከጀመረች ቆይታለች። ላስተምርህ ስትለኝ፣ በነጻ የሚታደል ነገር አይጥመኝም እያልኩ አሾፍባት ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ከእሷ ጎን እንደ አዲስ ተማሪ መቀመጡ ነው የከበደኝ።

ምርጫ ሳጣ ራሴው ጫንኩት፤ ማንንም አልጠየቅኩም።

በዚያው ሳምንት ከገነተ ማርያም ወዲያ ካለች ቀበሌ አንዲት ባላቸው የሞቱባቸው እናት መጡ። በሬ ስለሌላቸው ማሳቸውን ለእኩል አራሽ ሊሰጡ ነው፤ ውሉ እንዲመዘገብ ደግሞ የማሳው ካርታ ያስፈልጋል። ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል። የቀበሌውን ፋይል ስከፍት አንድ መስኮት ብቅ ብሎ የሆነ ነገር ጠየቀኝ። ሳላነብ እሺ የሚለውን ተጫንኩ። የሴትዮዋ ማሳ ከቀበሌው ቤተ ክርስቲያን ይዞታ ውስጥ ገብቶ ታየኝ።

ውሉ እንደማይመዘገብ ነገርኳቸው። አልተከራከሩም። ማሳው ከመቼ ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን እንደሆነ ብቻ ጠየቁኝ። ድሮም ሳይሆን አይቀርም አልኳቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ፤ እኔም ወደሚቀጥለው ባለጉዳይ ዞርኩ።

ሐምሌ ላይ ባልደረባዬ ያንኑ ፋይል ስታይ ቆይታ ጠራችኝ።

«የዚህ ቀበሌ ሰው ግማሹ ቤተ ክርስቲያን ላይ ነው የሚያርሰው?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የጎረቤቶቻቸውም ማሳ አብሮ ገብቷል። እኔ የአንዲቱን ሴት ብቻ ፈልጌ ስላወጣሁ ሌላውን ልብ አላልኩም ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ወሰን የተነሳው ከድሮ ካርታ፣ በድሮው መለኪያ ነው፤ የገበሬው ማሳ ግን በሳተላይት በአዲሱ መለኪያ ነው የተለካው። ሁለቱን ያምታታ ሰው መሬት ሁለት መቶ ሜትር ያህል ያንሸራትታል። በውዱ ፕሮግራም ይህን የፕሮጀክቱ ባለሙያ አንዴ አስተካክሎት ስለሄደ፣ እንዲህ ያለ ሥራ መኖሩንም አላውቅም ነበር። የናቅኩት ፕሮግራም ግን መለኪያው የትኛው እንደሆነ አቁሞ ጠይቆኛል። አፈርኩ።

ትክክለኛውን ካርታ አትሜ በማግስቱ ሄድኩ፤ ባጃጁ ካደረሰኝ በኋላ በእግሬ። የጎረቤቱ ሁሉ ማሳ በቅሏል፤ የእሳቸው ብቻ ጦሙን አድሯል። ደጃቸው ላይ ቆሜ መሬቱ የራሳቸው እንደሆነ፣ የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ደስታም ቁጣም ሳያሳዩ ሰሙኝ።

«ማሳውስ ለከርሞ ይታረሳል» አሉ። «እኔ ግን የቤተ ክርስቲያን እህል ስበላ ኖሬያለሁ ብዬ ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ። ስግደት አዘውኝ ስሰግድ ከረምኩ። ለእኔ ምን ያደርግልኛል፣ ለእሳቸው ንገርልኝ።»

አብረን ሄድን። ቄሱን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ከዝናብ ተጠልለው አገኘናቸው። ካርታውን ዘርግቼ ስለ ሁለቱ መለኪያ፣ ስላለቀው ፈቃድ፣ ስለ አዲሱ ፕሮግራም ብዙ አወራሁ። እስክጨርስ አዳመጡኝና ታዲያ ስሕተቱ የማን እንደሆነ ጠየቁኝ። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት መልስ ረዥም ነበር፤ የእኔ ነው ከማለት ሌላ ግን አልወጣኝም።

ቄሱ ወደ ሴትዮዋ ዞረው ስግደቱን እንዲተዉት ነገሯቸው። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም።

«የቀረኝ የሳምንት ነው፣ አባ» አሉ። «እሱን ለዚህ ልጅ ልስገድለት።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።